ያልተጠረገው ቢላ

«እና ምን ልበላት? ‹ለልጅሽ ሰርግ ያልኩሽን ትቼዋለሁ› ልበላት?»

«አትስጪ አላልኩም። እስኪመረመር ቆዪ ነው ያልኩት።»

«ቅጠል ነው የሚመረመረው?»

«አዎ፣ ቅጠል ነው።»

እናቴ በቀኝ እጇ ቢላ ይዛ፣ በግራዋ የጋኑን ከንፈር ጨብጣ፣ ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ እንደምታይ አየችኝ። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ አፉ በተሰበረ ጋን ውስጥ፣ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የረዘመ፣ ኦርኪድ የሚባል የአበባ ተክል ነበራት። አንድ ቡና ገዢ ፈረንጅ ከተማውን ለቆ ሲሄድ እሷ ለምትሠራበት መሥሪያ ቤት ተወው። ውኃ የሚያጠጣው ጠፍቶ ሊደርቅ ሲል በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤት አመጣችው። ከዚያ ወዲህ በረንዳው የእሱ ሆነ፤ እኛ በጥጉ እናልፋለን።

አንዱን ቅጠል አንስቼ ወደ ፀሐይ ያዝኩላት። ብርሃን ሲያልፍበት በአረንጓዴው ውስጥ የገረጡ መስመሮች ይታያሉ፣ ጨርቅ ላይ ፈስሶ እንደ ደረቀ ዘይት። በጀርባው በኩል ወደ ውስጥ የሰረጎዱ ጥቁር ጭረቶች አሉ። የዘንድሮው አበባም ቀለሙ እኩል አልወጣለትም ነበር። አንዱ ገጹ ደምቆ ሌላው ነጥቶ፣ ቸኩሎ የተነከረ ክር ይመስል ነበር።

«ዓይን ነው» አለች። «ባለፈው መጥታ ‹አቤት ሲያምር› ብላ ስትሄድ ማሻአላህ አላለችም። አስተውያለሁ። እኔ ክርስቲያኗ እንኳ የሰው ነገር ሳደንቅ ማሻአላህ እላለሁ።»

«ዓይን ቅጠል አይጭርም።»

«አንተ ግጥምህን ጻፍ» አለችና ቢላውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ይህ የሆነው ባጃጅ ጅማ በገባ ሰሞን ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ግጥም ብቻዬን እማር ነበር። መምህር ስላልነበረኝ ያገኘሁትን ሁሉ አፍጥጬ አይ ነበር፤ የግድግዳ ስንጥቅ፣ የሰው አረማመድ፣ የቅጠል ጀርባ። እናቴ ይህን ልማዴን አትወደውም። ነገር ፈላጊ ዓይን አለህ ትለኛለች።

«ባለፈው መጥታ» የተባሉት የእናቴ ጓደኛ ናቸው። እኔ አዴ እላቸው ነበር፤ እኛ ዘንድ ለትልቅ ሴት እንዲያ ይባላል። ሄርማታ፣ ገበያው አጠገብ፣ ኮረሪማና ዝንጅብል ይሸጣሉ። ቅድመ አያቶቻቸው ጅማ የተቀበሩ፣ ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ ትንፋሽ የሚናገሩ፣ ሰላት ሲደርስ ወሬያቸውን አቋርጠው ሲመለሱ ካቆሙበት ቃል የሚቀጥሉ ሴት ናቸው። እሳቸውም ኦርኪድ ነበራቸው። የእሳቸው ግን የጫካ ነው። ለቡና ጥላ የሚሆን አንድ ትልቅ ዛፍ ጌራ ጫካ ውስጥ ሲወድቅ፣ ባለቤታቸው ከነቅርፊቱ ገሽልጠው ያመጡላቸው ነው። አበባው ቢጫ፣ ከኮረሪማ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ።

ተክል የሚለዋወጡ የሰፈራችን ሴቶች ደንብ አላቸው። በአንድ ወገን ብቻ መስጠት የለም። ሁለቱ ተክሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በቤቱ እመቤት ቢላ መጀመሪያ የእንግዳዋ፣ ቀጥሎ የእመቤቲቱ ይከፈላል፤ ግማሽ በግማሽ ይለዋወጣሉ። በመሃል ቢላው አይጠረግም። መጥረግ «ያንቺው ቆሻሻ ነው» ማለት ነው። በቢላው ላይ ያለው የአንዷ ተክል ውኃ ወደ ሌላዋ ሲገባ ሁለቱ ተክሎች ይዛመዳሉ ይባል ነበር። ተዛምደው እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቤት የታየ ጭረት ግን ሌላ ቤት መታየቱን እኔ አይቻለሁ።

በእናቴና በአዴ መካከል ደግሞ ነገሩ ከደንብም ያለፈ ነበር። የአዴ ባል ከመሞታቸው በፊት ብዙ ጊዜ ከስተው፣ ሲያስላቸው ከርመው ነበር። ያን ጊዜ ሰው የበሽታውን ስም አይጠራም፤ «ያ በሽታ» ብቻ ነው የሚለው። በየግድግዳው ስለታም ነገር አትጋሩ የሚል ሥዕል ተለጥፏል። ሥዕሉ ስለ ምላጭ ነበር፤ ሰዉ ግን ስለ ብርጭቆ አነበበው። አዴ ለቅሶ ቤት የጠጡበት ብርጭቆ ተለይቶ በፈላ ውኃ ይታጠብ ጀመር። ኋላማ ሰው ከማየቱ በፊት ራሳቸው ተነስተው ማጠብ ለመዱ። የኮረሪማቸው ደንበኛም ሳሳ። ባልየው የሞቱት በሳንባ ነቀርሳ መሆኑን ቤተሰቡ ቢናገርም የሚያምን አልነበረም።

በዚያ መሃል አንድ ሐሙስ፣ በትልቁ ገበያ ቀን፣ እናቴ ጋኗን በጋሪ አስጭና ሄርማታ ወረደች። በአዴ ሱቅ ደጃፍ፣ በአዴ ቢላ፣ ገበያተኛ እያየ ተክሎቹን ከፈሉ። ቢላው አልተጠረገም። ከዚያ እናቴ ከአዴ ብርጭቆ ሻይ ጠጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አዴ እኛ ቤት መጥተው ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆውን እጠባለሁ ብለው አይነሱም። ጠጥተው እዚያው ትተውት ይሄዳሉ። የትም ሌላ ቤት እንዲያ አያደርጉም።

አሁን የአዴ ልጅ አጋሮ ልትዳር ነው፤ እናቴም በአደባባይ፣ «ሙሽራዋ የእኔን ጋን ግማሽ ይዛ ትገባለች» ብላለች። በጓደኛዬ አፍ «ቫይረስ» የሚል ቃል የተሰማው በዚህ መሃል ነው።

ጓደኛዬ የእርሻ ትምህርት ጨርሶ ሥራ የሚጠብቅ ልጅ ነበር። በረንዳችን ላይ እየቀለደ ተቀምጦ ሳለ ቅጠሉን አይቶ ቀልዱን አቆመ። ቃሉን ሲናገር እናቴ አለመስማቷን ዞር ብዬ አረጋገጥኩ፤ በዚያ ጊዜ ቫይረስ የሚባለው አንድ ብቻ ነበርና። ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳኝ። ኦርኪድ የራሱ ቫይረሶች አሉት፤ በነፍሳት ሳይሆን ይበልጡን በተቆረጠ ቦታ በሚገባ ውኃ ይተላለፋሉ፤ መድኃኒት የላቸውም። በዓይን ብቻ ማወቅ ያሳስታል፤ ፀሐይ የመታው፣ ውኃ የበዛበትም እንዲያ ጭረት ያወጣል። ሰው አገር በወረቀት ቁራጭ ወዲያው ይለዩታል አለ። እኛ ጋ ወረቀቱ የለም። ግን ከወረቀቱ በፊት በሌላ ተክል ይለዩት ነበር፣ በአስተናግር።

አስተናግር እኛ ጋ ቆሻሻ በተጣለበት ሁሉ ይበቅላል። የበላው ሰው ያብዳል ይባላል። የታመመውን ቅጠል ውኃ የአስተናግር ቅጠል ላይ ስትቀባው፣ ቫይረሱ ካለ በነካበት ቦታ ብቻ ነጥብ ነጥብ እያለ ይሞታል።

ደግ ምክር ነበር፤ እኔ ግን ጠረጠርኩት። የአዴ ተክል ከየትኛው ጫካ፣ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ ደጋግሞ ጠይቆኛል። የታመመ ነው ብሎ አስጥሎ ሊወስደው ይሆን? በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው ሁሉንም ከየት ነህ ይል ነበር፤ መታወቂያው፣ የሥራ ማመልከቻው፣ የሻይ ቤቱ ወሬ። ጥያቄው ስለ አበባ ሲሆንም ደስ አይልም። ሙከራውን ራሱ እንዲሠራልኝ ስጠይቀው እምቢ አለ። ሲጋራ ያጨሳል፤ ትምባሆም ተመሳሳይ በሽታ ስለሚይዝ ሲጋራ የነካ እጅ ምርመራውን ያበላሻል አለኝ። እውነት ይሁን ማምለጫ አልገባኝም። ብቻ ግንቡ ላይ ተደግፎ እያጨሰ ነገረኝ፤ እኔ ሠራሁ።

ከዝናብ በኋላ ከመንገድ ዳር የአስተናግር ችግኝ ነቅዬ በቲማቲም ጣሳዎች ተከልኩ። ያየኝ የሰፈር ሰው ሁሉ ምን ልትሆን ነው አለኝ። አንዷ ጎረቤት ለእናቴ፣ «ልጅሽ ግጥሙ አልበቃው ብሎ ሊያብድ ነው፣ አስተናግር እየተከለ ነው» ብላ ሹክ አለቻት። እናቴ ጣሳዎቹን ከጓዳው በር እንዳርቅ አዘዘችኝ፤ የወጥ ክዳን ስትከፍትም ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

ከአዴም ቅጠል ያስፈልገኝ ነበርና ሄርማታ ወረድኩ። ሱቃቸው ውስጥ በኮረሪማ ከረጢቶች መካከል ተቀምጠው ነበር። ከተክልዎ አንድ ቅጠል ይስጡኝ አልኩ።

«ለግጥም ነው?» አሉ።

ለምርመራ ነው አልኩ። ፊታቸው ወዲያው አልተለወጠም። መጀመሪያ እጃቸው ነው የቆመው፤ ዝንጅብል የሚለቅሙበት እጅ። ከዚያ ተነስተው ወደ ጓሮ ገቡና፣ በቢላ ሳይሆን በጣታቸው የነቀሉትን ቅጠል አምጥተው በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ።

«እናትህ ናት የላከችህ?»

«አይደለም አዴ፣ በራሴ ነው።»

«በራስህ» አሉ፣ እንደማያምን ሰው። «ኢሺ። የሚለውን አንተው ትነግረኛለህ፣ ከሰው አፍ እንዳልሰማው።»

ቅጠሎቹን ለየብቻ ወቅጬ በንጹሕ ውኃ በጠበጥኳቸው። በአስተናግሩ ቅጠል ላይ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ነስንሼ፣ አንዱን የእኛን፣ አንዱን የአዴን፣ አንዱን ባዶ ውኃ በጣቴ አሸሁት፤ በየመሃሉ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ባዶ ውኃው ለምን እንደሆነ እናቴ ጠየቀችኝ። ከመንገድ የተነቀለው አስተናግር ራሱ ታሞ ከሆነ፣ ወይም አሸዋው ወይም እጄ ካቆሰለው፣ በውኃው ይታወቅብናል አልኳት። ይህን ወደደችው። «ራሱን የሚጠረጥር ምርመራ ነው» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ስታልፍ ጎንበስ ብላ የምታየው የውኃውን ጣሳ ብቻ ነበር።

መጠበቁ ከባድ ነው። ጠዋት ተነስቼ ከግጥሜ በፊት ጣሳዎቹን አያለሁ። አንድ ቀን ጣሳዎቹ ተራቸውን የቀየሩ መሰለኝ። እናቴን ጠየቅኳት፤ ስጠርግ ነክቻቸው ይሆናል አለች። እኔ ግን ከታች በሚስማር ምልክት አድርጌባቸው ስለነበር አንስቼ አየሁ። ተራቸው አልተቀየረም ነበር። የገዛ እናቴን እስከዚህ መጠርጠሬን እሷ ከፊቴ አነበበች፤ መጥረጊያውን አስቀምጣ ገባች።

ነጥቦቹ ወጡ። መጀመሪያ በእኛ ላይ፣ ቀጥሎ በአዴ ላይ፣ በመርፌ ተተኩሶ የተቃጠለ የመሰሉ ቡናማ ነጥቦች። ውኃ የተቀባው ቅጠል ንጹሕ ነበር።

ጓደኛዬ መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም ታመዋል፤ መቃጠል አለባቸው። ማን ከማን ወሰደ ብዬ ጠየቅኩት። ምርመራው መኖሩን እንጂ መነሻውን አይናገርም አለ። ግፊት ሳበዛበት፣ ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ የማሰሮ ተክል ነው ወደ ጫካው የሚያስተላልፈው፣ ግን አልምልም አለ። ደግሞም ዓይነታቸው ሊለያይ ይችላል፤ አስተናግር ሁሉንም እኩል አያሳይም። ስለዚህ ሁለቱ የታመሙ ቢሆኑም እንኳ ከእያንዳንዱ ቆረጣ በፊት ቢላው በእሳት ይለፍ አለ፣ ከመጀመሪያውም፣ ከሁለተኛውም በፊት።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ዓይን አለመሆኑ አንድ ነገር ነው። ከዚያ ግን፣ «የሷም ታሟል አልክ? እንግዲያው ከጫካ ነው የመጣው» አለች። ጓደኛዬ ስለ ማሰሮ ተክል ያለውን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ።

«በሽታ የሚያመጣ መጤ ነው በለኛ። መታወቂያ ላሳድስ ስሰለፍም እንዲያው ነው የምባለው። ሃያ ዓመት እዚህ ከርሜ፣ ልጅ እዚህ ወልጄ። አሁን ደግሞ አበባዬ።»

ስለ ሰው አላልኩም ብል አትሰማኝም። ለአዴ እንንገራቸው አልኳት፤ ለሰርጉ ሌላ ስጦታ ይሁን፣ መለዋወጡ ይቅር። እሷ ግን በሰርግ ዋዜማ ቃሏን ብታጥፍ አዴ ምን ብለው እንደሚያስቡ ታውቃለች። ተራ ኩርፊያ አይሆንም። ያን የብርጭቆውን ዘመን ነው የሚያስቡት። እኔ እነግራታለሁ፣ አንተ አፍህን ያዝ አለችኝ። አሞቀዋለሁ አለች ቢላውን። ከነገርኳት ሁሉ ይህን ብቻ ነው የተቀበለችኝ።

አዴ ከሰርጉ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ። ተክላቸውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው በደረታቸው አቅፈውታል። በሩ ላይ «አካም ጅርቱ» ብለው ገቡ፣ በረንዳው ላይ ዱካ ሳብኩላቸው፣ ሻይ ቀረበ። ስለ ሙሽራዋ ልብስ፣ ስለ አጋሮ መንገድ ጭቃ አወሩ። እኔ የማየው ከሰል ማንደጃውን ነበር። ሻዩ ፈልቶ ወርዷል፤ ከሰሉ ግን ገና ፍም ነው፣ እናቴም ቀስ ብላ ወደ ራሷ ስባዋለች። አዴም ያዩት መሰለኝ፤ ወሬያቸው አጠረ። እናቴ ስለ ምርመራው ቃል እስክታነሳ ጠበቅኩ። አላነሳችም።

ተክሎቹ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናቴ ቢላውን አነሳች። የእንግዳዋ ይቀድማልና የአዴን ተክል፣ ከነቅርፊቱ፣ ለሁለት ከፈለችው። ቢላውን ከዚያ በፊት በእሳት አላሳለፈችውም። ረስታ ይሁን አፍራ እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን ግን፣ ወደ ራሷ ጋን ከመዞሯ በፊት፣ ስለቱን ፍሙ ላይ አጋደመችው። እርጥቡ ተንጣጣ፣ የተቃጠለ ቅጠል ሽታ ወጣ።

አዴ፣ «ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ።

«ምንም። ልጁ ነው፣ ለተክሉ ጤና ጥሩ ነው ብሎ።»

«ከኔ በፊት ለምን አላሞቅሽውም?»

«ተራው እንዲያ ሆኖ ነው። እንግዳ ይቀድማል አይደል እንዴ።»

«ተራውን አውቃለሁ» አሉ አዴ። «ከኔ በኋላ፣ ካንቺ በፊት። ተራው ይሄ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ያቺ ቅጠል ምን አለች? ትነግረኛለህ ብዬህ ነበር።»

«ሁለቱም ታመዋል አዴ። የእርስዎም፣ የእኛም።»

«ማን ቀድሞ?»

ጓደኛዬ ያለው አፌ ላይ ነበር። እናቴ አየችኝ። በዚያ አስተያየት ውስጥ የመታወቂያው ሰልፍ ሁሉ ነበረበት።

«ምርመራው እሱን አይናገርም» አልኩ። እውነት ነው፤ ግን እናቴ ስትተነፍስ ተሰማ፣ አዴም ሰሙት።

«ቅጠሉ አልተናገረማ» አሉ ቀስ ብለው። «ቢላው ነው የተናገረው።»

እናቴ እጃቸውን ልትይዝ ተነሳች። «እህቴ፣ በልጄ ሞት፣ አንቺን ብዬ አይደለም። ሄርማታ፣ ሰው ሁሉ እያየ…»

«አልረሳሁም። ወላሂ አልረሳሁም። ለዚያ ነው ያየሁት።» ወደ ጋኑ በአገጫቸው አመለከቱ። «በይ ክፈይው። የጀመርሽውን ጨርሺ።»

እናቴ ከፈለችው። አንዱ ወገን ጠበበ። አዴ ጠባቡን መረጡ፣ በመጡበት ኮባ ጠቀለሉት። የራሳቸውን ግማሽ፣ ባላቸው ከጌራ ያመጡትን፣ በደንቡ መሠረት ጠረጴዛው ላይ ተዉልን።

«ለልጅቷ ምንጣፍ እገዛላታለሁ» አሉ። «ይሄ ለኔ ነው። የኔማ ታሟል ተብሏል፣ ምን ይጨምርበታል።»

ሰርጉ ላይ እንመጣለን አይደል ብላ እናቴ ጠየቀች። እንዴታ፣ ኢንሻአላህ፣ ብለው መለሱ፤ በሱቃቸው ውስጥ ለማያውቁት ደንበኛ በሚመልሱበት ድምፅ።

ከዚያ የጠጡበትን ብርጭቆ አነሱ። ተዪው፣ ተዪው እንጂ፣ አለች እናቴ። አዴ ግን ኮባውን በብብታቸው ይዘው ወደ ግቢው ቧንቧ ሄዱ፣ ውኃውን ከፈቱ። ብርጭቆውን ውስጡንም ውጭውንም በጣታቸው አሽተው አጠቡት፤ ከንፈሩን ደግመው አጠቡት፣ በቧንቧው ግንብ ላይ ደፉት። እጃቸውን በሻሻቸው ጫፍ አደረቁ።

«ነጋቲ» ብለው ተሰናበቱ፣ ማናችንንም ሳያዩ።

እናቴ ቢላውን እንደያዘች ቆማ ነበር። የአዴ ነጠላ ጫማ በጠጠሩ ላይ ሲሄድ ይሰማል፤ ቆም አለ፤ ከዚያ የቆርቆሮው በር ሳይንጓጓ፣ በቀስታ ተዘጋ።